ቀሪ ሂሳብ አልመጣ ሲል

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምሠራው። ከአራት ልጆች ጋር የልስን ሥራ እይዛለሁ። የሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው ቤት በእጅ ዋጋ ተስማምቼ ጨረስኩ፤ የተወሰነውን በባንክ ከፍለውኝ 60,000 ብር ቀረ። የጽሑፍ ውል የለንም። ሦስት ወር ሙሉ «ሲሞላልኝ ልጄ» ሲሉኝ ቆይተው አሁን «ካሬው አልሞላም፣ ግድግዳውም ሰንጥቋል» ማለት ጀምረዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከካሬው ይጀምሩ። ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከበርና ከመስኮት ክፍተት ነው። 1.5 በ1.2 ሜትር የሆነ መስኮት 1.8 ካሬ ይይዛል፤ ስምንት መስኮት 14.4 ካሬ ነው። በካሬ 300 ብር ቢታሰብ የ4,320 ብር ልዩነት ያመጣል። እርስዎ ሳይቀንሱ፣ ባለቤቱ ቀንሰው ከቆጠሩ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ሲቀነስ ግን የለሰኑት የመስኮቱ የውስጥ ጎን እንዳይረሳ፤ ዙሪያው 5.4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ከሆነ በአንድ መስኮት 0.81 ካሬ ይመለስልዎታል። ሜትር ይዘው ይሂዱ፣ ከጋሼ ጋር ክፍል በክፍል ለክታችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ስንጥቁንም እዚያው አብራችሁ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነው ልስኑ በፍጥነት ሲደርቅ የሚመጣ ነው። በድሬ ሙቀት ግድግዳው ቀድሞ ካልረጠበ፣ ከዚያም ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ይህ አይቀርም። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ አልያዘም፤ እሱን አንስተው በራስዎ ወጪ ይድገሙት፤ ይህን ሳያስተካክሉ ገንዘብ መጠየቅ ለሰውየው ምክንያት መስጠት ነው። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ የግድግዳው ጣጣ ነው።

ከዚያ «የልስኑን ሥራ ተረክቤአለሁ፤ 60,000 ብር ቀርቶብኝ በዚህ ቀን እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት በሁለት ምስክር ያስፈርሙ። «ተበድሬ» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ያበደሩት ገንዘብ የለም፣ ነገ ክርክር ቢነሳ ወረቀቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ቼክ ቢሰጡዎትና ስንቅ የለውም ተብሎ ቢመለስ የባንኩን ማስረጃ ይያዙ፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ደረቅ ቼክ መስጠት ወንጀል ነው።

አልፈርምም ካሉ ሽማግሌ ይላኩ፤ ጎን ለጎን ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ቅጂው ላይ መድረሱን ያስፈርሙ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘግይቶ በሚከፈል ገንዘብ ላይ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይታሰባል፣ ለ60,000 ብር 5,400 ብር መሆኑ ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርልዎታል። እስካሁን የገባልዎት የባንክ ክፍያና አብረው የሠሩት ልጆች ሥራው መሠራቱን ያስረዱልዎታል። ተናደው ልስኑን እንዳይፍቁ! ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ።

ለሚቀጥለው ሥራ «ቀብድ» የሚለውን ቃል ውሉ ላይ አይጻፉ። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ቀብዱን ትቶ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ ተቀባዩ ከወጣ ግን እጥፉን ይመልሳል። «ቅድሚያ ክፍያ» ይበሉትና 30 በመቶ ያህል ይጠይቁ። ቀሪው በየሳምንቱ በተለካው ልክ ሐሙስ ይከፈል፤ ቅዳሜ ልጆቹ እጅዎን ያያሉና። የሳምንቱ ካልገባ ሥራው እንደሚቆም ይጻፍ። ውሃ ማን እንደሚያቀርብም ይጻፍ፤ ሮቶው ባዶ ሆኖ ለተሰነጠቀ ልስን እርስዎ እንዳይጠየቁ። «እግረ መንገድህን ይቺን በረንዳ» ሲባሉም ዋጋውን በዕለቱ ደብተር ላይ አስፍረው ያስፈርሙ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። ለአንድ ድርጅት 115,000 ብር ዋጋ ስሰጥ ቫት አልጠቀስኩም፤ አሁን «ውስጡ አለ» ይሉኛል።

መልስ፦ ውስጡ አለ ከተባለ የእርስዎ 100,000 ብር ብቻ ነው፤ 15,000ው ለመንግሥት ይገባል። ከእንግዲህ ፕሮፎርማ ላይ ከቫት በፊትና ቫትን ጨምሮ የሚሉ ሁለት ድምሮች ያስቀምጡ። ድርጅቱ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ቆርጦ ሲከፍልዎትም ደረሰኙን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ከዓመቱ ግብርዎ ላይ የሚቀነስልዎት በእሱ ነው።