ውድ ኢርፎን ዋጋውን ያወጣል? የመጣላችሁን ጠይቁኝ

ኢርፎንና ሄድፎን መጠገን የኖርኩበት ሥራ ነው። ርካሹም ውዱም በእጄ ያልፋል፤ የብዙዎቹን ሆድ ከፍቼ አይቻለሁ። «ውድ መግዛት ያዋጣል ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ጠይቁኝ። የራሴ አቋም ጣልቃ ቢገባ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ሳታስረዝም ንገረን። የምንከፍለው ለድምፁ ነው ለስሙ?

መልስ፦ በጣም ከረከሰው ተነስተህ ወደ መካከለኛው ስትወጣ ለድምፅ ነው፤ ልዩነቱን ማንም ሳይነግርህ ትሰማዋለህ። ከዚያ በላይ ግን በጨመርክ ቁጥር የምታገኘው የድምፅ ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ማዳመጫዎች ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን መጠን እንደሚያወጡ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር ቢያስተያይ፣ ይህ ነው የሚባል ዝምድና አላገኘም። ዋጋ አይቶ ድምፅ መገመት አይቻልም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የጓደኛዬን ውድ ኢርፎን ሳደርገው ሌላ ዘፈን የመሰለኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ምናልባት እውነትም ይሻል ይሆናል። ግን ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን ሁሉ «ይሄ ይሻላል» ብሎ የመፍረድ አመል አለው። የሁለቱን ድምፅ እኩል ሳታደርግ ካወዳደርክ ያወዳደርከው ጩኸታቸውን ነው። ደግሞ ዋጋውን አስቀድመህ ሰምተሃል፤ ይሄም የራሱን ይጨምራል። በደንብ የምታውቀውን አንድ ዘፈን ምረጥ፣ ድምፃቸውን አስተካክል፣ ከዚያ እያፈራረቅህ ስማ። ልዩነቱን ለማግኘት ግንባርህን መቋጠር ካስፈለገህ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተወው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ኢርፎን ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። ወደ ውዱ ልሂድ?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ አትግዢ። ቤዝ ያለበት ዘፈን ክፈቺና ሁለቱንም በጣትሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ጫን አድርጊያቸው። ቤዙ ድንገት ከመጣ ኢርፎኑ ጤነኛ ነው፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎማው ነው ልክሽ ያልሆነው። ወፍራም ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የታፈነ አየር ይፈልጋል፤ ጎማው ከላላ አየሩ ያመልጣል፣ ቤዙም አብሮ ይሄዳል። አብዛኞቹ ከትንሽ፣ ከመካከለኛና ከትልቅ ጎማ ጋር ነው የሚመጡት። መካከለኛው ተገጥሞ ስለሚመጣ ሌሎቹን ከነሳጥኑ የሚጥል ሰው ብዛቱ! የቀኝና የግራ ጆሮሽ ልክ ሊለያይም ስለሚችል አንዱን ትንሽ፣ አንዱን መካከለኛ ብታደርጊ ምንም ነውር የለውም።

«አንዱ ወገን ሞተ» ተብሎ የሚመጣልኝም ብዙውን ጊዜ ሞቶ አይደለም። ጎማውን ሳወልቅ አፉ ላይ ያለችው ቀጭን መረብ በኩክ ተደፍናለች። አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። መርፌ ብቻ እንዳታስገቢ፤ መረቡን ቀድዶ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ጥያቄ፦ ለኖይዝ ካንስሊንግስ ብዙ መክፈል ያዋጣል?

መልስ፦ ለዚህስ እኔም እከፍላለሁ። የውጭውን ጩኸት በማይክ ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ እየለቀቀ ያጠፋፋዋል። ለቦዝ ኩባንያ መሥራች ለአማር ቦዝ ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ላይ ሆኖ ነው፤ ዛሬም ሥራው የሚያምረው እንደ ሞተርና እንደ ማራገቢያ ላለ ወጥ ጉርምርምታ ነው። የሚያወራ ሰው ወይም የሚያለቅስ ሕፃን ግን ይቀንስልሃል እንጂ አያጠፋልህም። በርካሾቹ ላይም ስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ግን ሲበራና ሲጠፋ ልዩነቱ አይታወቅም።

ዋናው ጥቅሙ ጸጥ ባለ ቦታ ያህል ድምፅ ቀንሰህ መስማትህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ወደ 90 ስታወጣው የተፈቀደልህ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ከሞተር ጩኸት ጋር እየተፎካከርክ የምትሰማ ከሆነ እዚያ መድረስ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ባለገመድ ወይስ ብሉቱዝ?

መልስ፦ ባለገመድ ላይ የምትከፍለው ገንዘብ ብዙው ለድምፁ ይውላል። ብሉቱዙ ላይ ለባትሪው፣ ለቺፑ፣ ለማይኩና ለቻርጅ ማድረጊያ ሳጥኑ ይከፋፈላል። እኔን የሚያናድደኝ ባትሪው ነው፦ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለች ነገር በሙጫ ታሽጋ፣ ጥቂት መቶ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገች በኋላ መድከም ትጀምራለች። ድምፁ ገና ደህና የሆነ ውድ ኢርባድ (ገመድ አልባ ኢርፎን) ለባትሪ ሲባል ሲጣል አያለሁ። ባለገመዱ የሚሞተው ጃኩ አንገት ላይ ወይም ጆሮው ሥር ገመዱ ሲበጠስ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ብዙ ከከፈልክ ገመዱ የሚነቀል ይሁን፤ ሲበጠስ ገመድ ብቻ ትገዛለህ።

ጥያቄ፦ ስልኬ አይፎን ነው። ኤልዳክ ያለው ኢርባድ በጣም ተወደደብኝ፣ ልጨክን?

መልስ፦ አትጨክን። ኤልዳክ በብሉቱዝ ድምፅ የመላኪያ ዘዴ ነው፤ ስልኩም ኢርባዱም ሊኖራቸው ይገባል። አይፎን ኤልዳክ የለውም፤ ኤኤሲ ወይም ኤስቢሲ በሚባሉት ሌሎች ዘዴዎች ነው የሚልክልህ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ላይ «እስከ 40,000 ኸርዝ» ይላል። ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለሌሊት ወፍ ከሆነ የምትገዛው፣ አዎ። ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። የሰው ጆሮ ጣሪያው 20,000 ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዜናና ትረካ ብቻ ነው የምሰማው። ልጆቼ ውድ ካልገዛንልህ ይላሉ።

መልስ፦ ይመረቁ ልጆችዎ፣ ግን አያስፈልግዎትም አባቴ። የድሮው ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ እያስተላለፈ የሰውን ንግግር ጥርት አድርጎ ሲያሰማን ኖሯል፤ ይህን ደግሞ ርካሹም ያወጣዋል። ለእርስዎ ዋናው ጆሮ አለመቆርቆሩና ቁልፉ በእጅ ዳሰስ ተደርጎ መገኘቱ ነው። ድምፅ እየጨመሩም ንግግሩ ካልጠራልዎ ኢርፎን ከመቀየር በፊት ጆሮዎን ይታዩ።

ጥያቄ፦ አዲስ ኢርፎን 100 ሰዓት ካልተጫወተ ድምፁ አይከፈትም ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ በነዚያ ሰዓታት የሚለምደው ጆሮህ ነው። ድምፁ እስኪከፈት ስትጠብቅ ለሻጩ የመመለሻ ጊዜው እንዳያልፍብህ ብቻ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ አንተስ በምንድን ነው የምትሰማው?

መልስ፦ ገመዱ በሚነቀል መካከለኛ ዋጋ ባለው ኢርፎን። ለጉዞ ኖይዝ ካንስሊንግ ያለው ሄድፎን አለኝ። በጣም ውዶቹን የምሰማቸው ባለቤቶቻቸው ሊያሠሯቸው ሲያመጡ ነው፤ ያው «ልሞክረው» እያልኩ ትንሽ አቆያቸዋለሁ።