መልስ፦ ዋቱን ልጨምር ወይስ ኮይሉን ልቀይር?

ወንድሜ፣ በቬፕህ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራህ) 0.8 ኦም ኮይል (ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋሙ መለኪያ ነው) 40 ዋት ላይ አድርገህ ውስጡ ያለው ጥጥ እንዳረረብህ ጽፈሃል። ጓደኞችህ ደግሞ «100 ዋት የማይደርስ ቬፕ ቬፕ አይደለም» ይሉሃል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

ችግሩ መሣሪያህ አይደለም። ኮይሉ ላይ የተጻፈውን የዋት መጠን እየው። ለ0.8 ኦም ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ጥጡ ፈሳሹን ስቦ ሳይጨርስ ሽቦው ይግላል። ያረረ ጥጥ አይመለስም፣ ኮይሉን ከነጥጡ ቀይረው። አዲሱን ስትገጥም ፈሳሽ ሞልተህ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀው።

ዝቅተኛ ኦም ያለው ኮይል የሚወዱትም እውነት አላቸው። እንፋሎቱ ይበዛል፣ ሞቅ ይላል፣ ጣዕሙም ይጎላል። ግን ሂሳቡን ተመልከት። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ኃይል መቆጣጠሪያ በሌለው መሣሪያ 0.15 ኦም ኮይል ብትገጥም 28 አምፔር ይስባል። አብዛኞቹ 18650 የሚባሉት የቬፕ ባትሪዎች ይህን ያለማቋረጥ አይችሉም። እዚህ ላይ የጣዕም ክርክር የለም፣ የእሳት አደጋ ነው! የባትሪው ሽፋን ከተቀደደም አትጠቀምበት።

በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለው ሶልት (የኒኮቲን ጨው ፈሳሽ) እንደምትጠቀምም ነግረኸናል። እሱን በ80 ዋት እንዳትሞክረው፣ እባክህ። እንፋሎቱ ሲበዛ ኒኮቲኑም ይበዛል፣ ያዞርሃል፣ ያቅለሸልሽሃል። በከፍተኛ ዋት የሚስቡት 3 ሚሊግራም የሚመርጡት ለዚህ ነው።

እኔ የጀመርኩት ሲጋራ ለመተው ነው። 1 ኦም ኮይል በ13 ዋት ይበቃኛል፣ አሳሳቡም ለሲጋራ ይቀርባል። ያንተም ዓላማ እሱ ከሆነ አዲሱን ኮይል 15 ዋት ላይ አድርገህ አንድ ሳምንት ሞክረውና ንገረን።