አቅምን ያገናዘበ ቤት መንደፍ ለምትማሩ፦ ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መጽሐፍ የምገዛበት አቅም የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ተሠርተው ሰው ከገባባቸው ቤቶች ጀምሪ። ቺሊያዊው አርክቴክት አሌሃንድሮ አራቬና እ.ኤ.አ. በ2016 የአርክቴክቸር ትልቁ ሽልማት የሚባለውን ፕሪትዝከር ባገኘበት ዓመት፣ ኤሌሜንታል የተባለው ቢሮው የ4 ፕሮጀክቶቹን ንድፍ በነፃ ለቋል። አንዱ እዚያው ቺሊ፣ ኢኪኬ ከተማ ለ93 ቤተሰቦች የተሠራው ኪንታ ሞንሮይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የነበረው የመንግሥት ድጎማ 7,500 ዶላር ገደማ ብቻ። መሬቱም፣ መሠረተ ልማቱም፣ ቤቱም ከዚያው ነው የሚወጣው። ለሙሉ ቤት ስለማይበቃ ግማሹን ሠሩ። ግን የትኛውን ግማሽ? ቤተሰቡ በራሱ ሊሠራው የሚከብደውን፦ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ ደረጃውን፣ ዋናዎቹን ግድግዳዎች። ክፍት የተተወውን ነዋሪው ቀስ በቀስ ሞላው። እኔ ይህን ፕላን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። አንቺም ወረቀት ላይ አትሚና በእርሳስ እየቀዳሽ አጥኚው። በዓይን ብቻ ሲያዩት ያልፋል፤ እጅ ሲሠራው ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ፋይናንስ ያስፈራኛል። ንድፉን ብቻ ጠንቅቄ ባውቅ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። አንድ ሂሳብ ላሳይህ። 100 ሺህ ተበድረህ በ30 ዓመት የምትከፍል ከሆነ፣ ወለዱ 6 በመቶ ሲሆን ወርሃዊው ክፍያ 600 ገደማ ነው። 7 በመቶ ሲሆን 665 ይደርሳል። አንዲት ፐርሰንት ክፍያውን በ11 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገችው። ግድግዳ በማሳሳት ይህን አታካክሰውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ንድፍ ጎን ኤክሴል ክፈት። መሬት፣ ግንባታ፣ ፈቃድ፣ ወለድ፣ መጠባበቂያ ብለህ ጻፍ። ከታች የነዋሪውን ወርሃዊ ገቢ አስገባ። በብዙ ቦታ የቤት ወጪ ከገቢ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ቁጥሩ ካለፈ ወደ ንድፉ ተመለስ። ለመማር ከፈለግክ ኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር በተባለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የሪል እስቴት ፋይናንስ ኮርስ በነፃ አለ።

ጥያቄ፦ ከቺሊ ሌላስ?

መልስ፦ የህንዳዊውን አርክቴክት የባልክሪሽና ዶሺን የመኖሪያ ሰፈር፣ አራንያን፣ ተመልከቱ። ህንድ፣ ኢንዶር ነው ያለው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች የተሰጣቸው ቁራጭ መሬት፣ መሠረትና የውሃና የፍሳሽ መስመር ያለው ትንሽ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሳቸው ቀጠሉት። ሰነዱን አርክኔት የተባለ የአርክቴክቸር ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ የለመድሽው። እሱ ላይ ጊዜ አታባክኚ።

ጥያቄ፦ ነዋሪ ማነጋገር የግድ ነው? መምህራችን አልጠየቁንም።

መልስ፦ ባይጠየቅም ሂዱ። ሜትር ያዙ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሲመሽ ግቡ፤ ቀን ቀን ግማሹ ቤተሰብ ውጭ ነው። «ቤቱ ይመቻል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ደህና ነው» ይላችኋል። ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ ልጁ የቤት ሥራውን የት እንደሚሠራ፣ ማታ ማን የት እንደሚተኛ ጠይቁ። ፍራሹን ለኩትና ፕላናችሁ ላይ በልኩ ሳሉት። በሩ ሲከፈት ፍራሹን ይነካዋል?