ነጥብ ሰጠን፣ ሰዓት ተቆጠረብን

የዛሬዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ሦስቱም የሚያነሡት የሶፍትዌር ሥራን ስለ መገመትና ቅደም ተከተል ስለ ማስያዝ ነው። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል። የፈረንጅ ታሪክ ሲነሣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን የምንሠራ አራት ዲቨሎፐሮች ነን። ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት ምዝገባ፣ የእህል ርክክብና የብድር ሲስተም እየሠራን ነው። በሁለት ሳምንት ስፕሪንት (የሥራ ዙር) እንሄዳለን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ እንደ ክብደቱ በካርድ ነጥብ እንሰጣለን። ችግሩ አለቃችን ነው። አንዱን ነጥብ በአራት ሰዓት ያባዛና "5 ነጥብ ብላችሁ አልነበር እንዴ? ለምን ሳምንት ፈጀ?" ይለናል። አሁን ሁላችንም መቆለል ጀምረናል፤ 3 የሚገባውን 8 እንለዋለን። ስፕሪንቱ ግን አሁንም ግማሹ ሥራ ሳያልቅ ይዘጋል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ መቆለላችሁ አይገርመኝም፣ ወንድሜ። የሰጣችሁት ቁጥር ዱላ ሆኖ የሚመለስ ከሆነ ማን ነው እውነቱን የሚናገር?

ነጥብ የመጣውኮ ከዚሁ ጭቅጭቅ ለመሸሽ ነው። ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለውን አሠራር የጀመሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚገምቱት በቀን ነበር፤ ማንም ሳይረብሽህ፣ ስብሰባ ሳትጠራ፣ ያንን ብቻ ብትሠራ ስንት ቀን ይፈጅብሃል በሚል። ከዚያ ወደ እውነተኛው ቀን ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ያባዙታል። አሠሪዎቹ ደግሞ "የሦስት ቀን ሥራ እንዴት ዘጠኝ ቀን ይፈጃል?" እያሉ አላስቀምጥ አሏቸው። ስለዚህ ቀኑን ትተው በነጥብ መገመት ጀመሩ። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሮን ጄፍሪስ ኋላ ላይ "ነጥብን የፈጠርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ከሆነም አሁን አዝናለሁ" የሚል ነገር ጽፏል። አለቃችሁ ነጥቡን በአራት ሲያባዛው ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ነው።

ነጥብን እንደ ኪሎ ሜትር ውሰደው። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ያለው ርቀት ሁሌም ያው ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ወይም የተጫነ መኪና ከፊትህ ካዘገመ ግን ሰዓቱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። ካርዱን ነጥብ ለመሰብሰብ ብቻ ከተጠቀማችሁበት ዋናው ጥቅሙ አምልጧችኋል። ጄምስ ግሬኒንግ የሚባል ባለሙያ በ2002 ይህን የካርድ ግምት፣ ፕላኒንግ ፖከርን፣ ሲያመጣ ሁሉም ካርዱን ደብቆ ይዞ በአንድ ጊዜ የሚገልጠው በምክንያት ነው፤ ትልቁ ሰው ቀድሞ "3" ካለ ሌላው ሁሉ 3 ይላል። ካርዶቹ እኩል ሲሆኑ ሥራውን ይዛችሁ እለፉ። ሲለያዩ ነው ቁም ነገሩ ያለው።

ለምሳሌ የብድር ወለድ ስሌት ቀረበ እንበል። ሦስታችሁ 3 አወጣችሁ፣ አንዷ 13 አወጣች። አማካዩን ወስዳችሁ "5 ይሁን" ካላችሁ አበቃላችሁ። 13 ያለችውን ጠይቋት። ምናልባት የምትላችሁ ይሄን ነው፦ የማኅበሩ መዝገብ የሚሠራው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፣ ሶፍትዌሩ ግን ቀኑን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ነው፤ ጳጉሜ አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን ናት። ታዲያ ነሐሴ ላይ የተበደረ ገበሬ የጳጉሜ ወለድ ይታሰብበታል? የወር ክፍያው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው አሥራ ሦስት? ይሄን የሚመልሰው ዲቨሎፐር አይደለም፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ስልክ ደውሉ። መልሱ "ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ይደመራል" ከሆነ ሥራው በእርግጥም 3 ሊሆን ይችላል፤ "በቀን ነው የሚታሰበው" ካሏችሁ ደግሞ 13ም ላይበቃው ይችላል፣ ለሁለት ወይ ለሦስት ክፈሉት። በኔ እምነት ከዚያ ሁሉ የካርድ ጨዋታ የሚተርፋችሁ ይቺ የስልክ ጥሪ ናት፣ ቁጥሩን ብትረሱትም ግድ የለም።

ስፕሪንቱ ግማሹ ሳያልቅ የሚዘጋው ከአቅም በላይ ስለምትይዙ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ባለፉት ሦስት ስፕሪንቶች ሙሉ በሙሉ ያለቀውን ብቻ ደምሩ። "90 በመቶ ደርሷል" የሚባለው ዜሮ ነው። በአማካይ 18 ነጥብ ከጨረሳችሁ ለቀጣዩ 18 ያዙ፣ ቢተርፋችሁ ከባክሎጉ (ተራ ከሚጠብቀው የሥራ ዝርዝር) አንድ ትጎትታላችሁ። ነጥቡን ከቆለላችሁት ግን ይሄም አይሠራም፣ ምክንያቱም የባለፈው 3 እና የዛሬው 3 አንድ መሆን አለባቸው። "መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል" ብላችሁ በላዩ ሌላ ቀን አትቀንሱ፤ ባለፉት ስፕሪንቶችም መብራቱ ጠፍቷል፣ 18ቱ ውስጥ ገብቷል። የሚቀነሰው የሚታወቀው ነው፤ የፋሲካ ሳምንት፣ ፈቃድ የወጣ ሰው።

ለአለቃህ ደግሞ ሰዓት አትስጠው፣ ባክሎጉን አሳየው። "በዚህ አካሄዳችን እስከ ግንቦት መጨረሻ እዚህ መስመር ድረስ እንደርሳለን፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ከፈለግህ ከላይ የትኛው ይውረድ?" በለው። በስፕሪንት መጀመሪያ የምትይዙት ቃል ኪዳን ነው ካለ ደግሞ የስክረም (በስፕሪንት የመሥራቱ አሠራር) መመሪያ ራሱ በ2011 ሲታደስ ያንን አስወጥቶ ትንበያ እንዳደረገው ንገረው። እዚያው መመሪያ ውስጥ ስለ ነጥብ አንድም ቃል የለም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። እኔ ሶፍትዌር አሠሪ እንጂ ሠሪ አይደለሁም። ለኅብረት ሥራችን የሚያስፈልገንን አርባ ነገር ዘርዝሬ ሰጠሁ። ልጆቹ "ቅደም ተከተል አስይዝልን" ይሉኛል። ሁሉም አስቸኳይ ነው፣ ለሁሉም ከፍያለሁ። ሰኔ 30 መዝገብ እንዘጋለን። ለምን እመርጣለሁ?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ እርስዎ ካልመረጡ ማን እንደሚመርጥ ልንገርዎ፤ ጊዜው ይመርጣል። ልጆቹ ደስ ካላቸው ወይም ከቀለላቸው ይጀምራሉ፣ ሰኔ 30 ይመጣል፣ ያላለቀው ደግሞ እርስዎ የሚፈልጉት ሊሆን ይችላል። ቀኑ አይንቀሳቀስም፣ ሰውና ብሩም ያው ነው፤ የሚንቀሳቀስ የቀረው ዝርዝሩ ብቻ ነው።

እያንዳንዱን መስመር ይያዙና "ይሄ ሰኔ 30 ባይኖር በደብተር ልንሠራው እንችላለን?" ብለው ይጠይቁ። ከተቻለ የግድ አይደለም። የአባላት መዝገብና የዕዳ ሒሳብ የግድ ይሆናሉ። የትርፍ ክፍፍል ግን መዝገቡ ከተዘጋና ሒሳቡ ከተመረመረ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ነሐሴ ላይ ቢደርስ ማንም አይጎዳም። ለአባላት በስልክ መልእክት መላክ ደስ ይላል፣ እሱም ይቆይ። ዳይ ክሌግ የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ በ1994 ያመጣው አከፋፈል አለ፤ የግድ የሚያስፈልግ፣ ሊኖር የሚገባው፣ ቢኖር ጥሩ የሆነ፣ ለአሁኑ የማይሠራ። በዚያ የሚሠሩ ሰዎች "የግድ" የተባለው ከጠቅላላው ድካም ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፣ ቀሪው ነገር ሲበላሽ መተንፈሻ ነውና። የእርስዎ አርባውም የግድ ከሆኑ መተንፈሻ የለዎትም ማለት ነው። እኔ ግን ከአራቱ ክፍል ይልቅ ከ1 እስከ 40 ተራ ማስያዝን እመርጣለሁ። ሁለት ነገር አንድ ቁጥር አይያዝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር በደንብ ያስቡባቸው፣ ከሃያኛው ወዲያ ያለው ላይ ብዙ አይጨነቁ፣ እስኪደረስበት ሐሳብዎም ይለወጣል። ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ የተሠራውን አሳዩኝ ይበሉ፤ ስላይድ ሳይሆን የሚሠራውን ራሱን፣ የእናንተን አባል ስም እያስገቡ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ሆኜ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በርቀት እሠራለሁ። ስብሰባ ላይ ድንገት "ይሄ ስንት ቀን ይፈጃል?" ስባል አፌ ላይ የመጣውን እናገራለሁ፣ በኋላ እሱው ዴድላይን ይሆናል። እንዴት ላምልጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማምለጥ አያስፈልግሽም። "ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ኮዱን አይቼ እነግራችኋለሁ" በያቸው። አሁኑኑ ካሉሽ አንድ ቁጥር አትስጪ፣ ከዚህ እስከዚህ በያቸው። የሶፍትዌር ተመራማሪው ባሪ ቦይም በ1981 እንዳሳየው ገና በሐሳብ ደረጃ ያለ ሥራ ግምቱን በአራት እጥፍ ሊበልጥ፣ ወደ ሩቡም ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ "ከሁለት እስከ ስምንት ቀን" ማለት አያሳፍርም። ክፍተቱን ያሰፋውን ነገር አብረሽ ተናገሪ፦ "የባንኩ ኤፒአይ (ሶፍትዌሮች የሚገናኙበት በር) መዳረሻ ከተሰጠኝ ወደ ሁለቱ፣ ካልተሰጠኝ ወደ ስምንቱ።" ከስብሰባው እንደወጣሽም ይሄንኑ በግሩፑ ላይ ጻፊው፣ በቃል የተባለው ሁሌ ትንሹ ቁጥር ብቻ ነው የሚታወሰው።