ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ጭን ጡንቻ መድከም፦ ጥያቄና መልስ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስን፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት መሳሳት፣ በተመለከተ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እነሆ መልሴን።

ጥያቄ፦ እናቴ ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸው ይብረከረካል፤ ጭናቸውም ከስቷል። ሕመሙ ጉልበት ላይ ሆኖ ሳለ ጭናቸው ለምን ይከሳል?

መልስ፦ ደረጃ ስንወርድ ክብደታችንን ተሸክሞ ቀስ አድርጎ የሚያወርደን ከጭን ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ነው። ጉልበት ሲያብጥና ሲያም ከመገጣጠሚያው የሚነሣው የነርቭ መልእክት ለዚህ ጡንቻ የሚደርሰውን ትእዛዝ ስለሚያዳክመው፣ ታማሚው ቢፈልግ እንኳ ጡንቻውን በሙሉ ኃይሉ ማሠራት ይሳነዋል። ሕመሙን ፈርቶ መቀመጥ ሲጨመርበት ደግሞ ጡንቻው እየሟሸሸ ይሄዳል። ልጆች በፍቅር «እማዬ፣ አይነሡ፤ እኛ እናቀርባለን» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህ ርኅራኄ እናትን ይበልጥ እንደሚያደክም ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ጥያቄ፦ እንቅስቃሴ የቀረውን ልም አጥንት አይጨርሰውም?

መልስ፦ በልክ የሚደረግ እንቅስቃሴ አይጨርሰውም። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ጫና ሲያርፍበትና ሲለቀው ከሚዘዋወረው የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያው የአካል እንቅስቃሴን አጥብቆ ይመክራል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በምን እንጀምር?

መልስ፦ ከወንበር በመነሣትና በመቀመጥ። አንዲት ታካሚዬ በመጀመሪያው ቀን መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ተክለው ካልገፉ መነሣት አይችሉም ነበር። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈን፣ ሁለት ትራስ ደርበን ከፍ አደረግንላቸው፤ እየጠነከሩ ሲሄዱ አንዱን፣ ቆይቶም ሁለተኛውን አነሣን። ዋናው ነገር ሲቀመጡ ዘጭ አለማለት ነው፤ ጡንቻው የሚሠራው በዝግታ ሲወርዱ ነውና። ለውጡን ለማየት በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ይቁጠሩ። መጠነኛ ሕመም አያስደንግጥዎት፤ በማግስቱ ከወትሮው ብሶ ካደረ ግን መጠኑን ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ከዘራ በየትኛው እጅ ይያዝ?

መልስ፦ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብን መቼ ነው?

መልስ፦ ጉልበቱ በድንገት ቀልቶና ግሎ ካበጠ፣ ትኩሳት ከተከተለ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ እግሩ መቆም ካቃተው፣ እንቅስቃሴውን አቁመው በዚያው ቀን ይሂዱ።