«አስቀምጥ»፣ «አስቀምጪ» ወይስ «ያስቀምጡ»?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የምኖር የድረ ገጽ ባለሙያ ነኝ። በሌሎች ድረ ገጾች ውስጥ የሚገባ፣ የዕለቱን ቀንና የአየር ጠባይ የሚያሳይ አነስተኛ መተግበሪያ (ዊጄት) እየሠራሁ ነው። ተጠቃሚው ከተማውን፣ የቀን አቆጣጠሩንና የሰዓት አቆጣጠሩን መርጦ እንዲያኖር ያደረግሁት ቁልፍ «አስቀምጥ» ይላል። አባቴ አይተው «ማንን ነው አንተ የምትለው?» አሉኝ። ትክክሉ የቱ ነው? ከዚያስ በኋላ «ምርጫዎ ተቀምጧል» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ አባትዎ የጠየቁት ከጨዋነትም አልፎ የሰዋስው ጥያቄ ነው፦ በቁልፉ ላይ ያለውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? የሚሰማውስ? ተጠቃሚው መሣሪያውን የሚያዝበት ቃል ነው ካልን «አስቀምጥ» ነውር የለበትም፤ ታዛዡ ኮምፒውተሩ ነውና። በብዙ መተግበሪያዎች ላይ የምናየው «አስቀምጥ» በዚህ መንገድ ሊያስኬድ ይችላል። ነገር ግን ከቁልፉ በላይ «ከተማዎን ይምረጡ» ብለው ጽፈው ከሆነ፣ እዚያ ተናጋሪው መተግበሪያው፣ አድማጩም ሰው ነው። ከሥሩ «አስቀምጥ» ሲከተል አንባቢው ተናጋሪው እንደተለወጠ አያስብም። እርስዎ ሲባል ቆይቶ በድንገት አንተ የተባለ ይመስለዋል። ታላቅን በአንቱታ መጥራት ከልጅነት በሚለመድበት በጎጃም ይህ ቶሎ ጆሮ ይቆረቁራል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች አንድ ተናጋሪ ይኑር፤ «ያስቀምጡ» ይበሉ። «አንቱ» ለሚልም «እርስዎ» ለሚልም ግሡ ያው ነው፤ ወንድና ሴትም አይለይም። «ማስቀመጥ» የሚለው የግሥ ስም ከጾታም ከማዕረግም ያመልጣል፤ እኔ ግን ለርዕስ እንጂ ለቁልፍ አልመርጠውም፤ ድርጊቱን ይሰይማል እንጂ ሰውን አይጋብዝም።

ምርጫ ማኖር ከጀመሩ ግን አንድ ምርጫ ቢጨምሩ ደስ ይለኛል፤ ተጠቃሚው እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ ይጠይቁት። አንቱታ የሚከብዳቸው፣ «አንቺ» ወይም «አንተ» ቢባሉ የሚመርጡ ብዙ ወጣቶች አሉ። እዚህ ላይ የፕሮግራም ሰዎች ሲሳሳቱ አያለሁ። ግሡን አንድ ጊዜ ይጽፉና መጨረሻውን ብቻ ለመቀጠል ይሞክራሉ። አማርኛ ይህን አይፈቅድም። «አስቀምጥ» ለሴት ሲሆን «አስቀምጪ» ነው፤ «ክፈት» «ክፈቺ»፣ «ሰርዝ» «ሰርዢ»፣ «ውሰድ» «ውሰጂ» ይሆናሉ። የመጨረሻው ተነባቢ ራሱ ይለወጣል። ተነባቢው ባይለወጥ እንኳ፣ እንደ «ቀይር» እና «ቀይሪ»፣ ፊደላችን አናባቢውን ከተነባቢው ጋር በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ የሚቀጠል ቁራጭ የለም። ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን በሦስቱም አጠራር ለየብቻ ይጻፉ። የሚያኖሩት ምርጫ አጭር መለያ፣ ለምሳሌ ቁጥር፣ ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ አይሁን። ቃሉን ነገ ቢያርሙት ቀድሞ የመረጠው ሰው ምርጫ አይጠፋም። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም፤ ጉግል እስከ ኅዳር 2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያቆየው አይጉግል የተባለው፣ ተጠቃሚው ትንንሽ መተግበሪያዎችን መርጦ የሚደረድርበት ገጽም ለእያንዳንዱ ምርጫ ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ ፕሮግራሙ የሚያውቀው፣ ሌላው ለሰው የሚታየው።

ተጠቃሚው እስኪመርጥ ድረስ መነሻው «እርስዎ» ይሁን። በአሳሹ (ድረ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም) ውስጥ የተቀመጠ ምርጫ የመሣሪያው እንጂ የሰውየው አይደለም። አንድ ስልክ ለቤተሰብ በሚያገለግልበት ቤት ልጅቷ «አንቺ»ን መርጣ ብትተው፣ ቀጥሎ የሚከፍቱት አባቷ ናቸው። አጠራሩን መለወጫው ዓይን በሚያየው ቦታ ይሁን።

«ምርጫዎ ተቀምጧል» የሚለው ግን ለእኔ አይበቃም። በአማርኛ አንድ ዕቃ ተቀምጧል ሲባል ሰሚው ወዲያው «የት?» ይላል። ለእርስዎ ሥራ ደግሞ መልሱ ቀላል አይደለም። መተግበሪያው በሌላ ሰው ድረ ገጽ ውስጥ የሚታይ ስለሆነ አሳሾች እንደ እንግዳ ያዩታል። የአፕል አሳሽ ሳፋሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ የእንግዳ ድረ ገጽ ኩኪዎችን (ድረ ገጹ በአሳሹ ውስጥ የሚያኖራቸውን ትንንሽ መረጃዎች) ይከለክላል፤ ፋየርፎክስና ክሮምም የእንግዳውን ማከማቻ በገባበት ድረ ገጽ ልክ ይከፋፍሉታል (ክሮም ይህን ያደረገው በዚያው አቆጣጠር በ2023 ነው)። ስለዚህ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ቡሬን የመረጠ ሰው፣ ያንኑ መተግበሪያ በሌላ ድረ ገጽ ሲያገኘው እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ሳይናገሩ «ተቀምጧል» ማለት ያልተፈጸመ ቃል መስጠት ነው። «ምርጫዎ በዚህ ስልክ ላይ፣ ለዚህ ድረ ገጽ ተቀምጧል» ይበሉ። በእርስዎ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ተጠቃሚው በራሱ መለያ (አካውንት) ገብቶ የሚያኖረው ከሆነ ደግሞ «ምርጫዎ በመለያዎ ተመዝግቧል» ይሻላል፤ «መዝገብ» ባለቤትነትን ያሳያል። ማስቀመጡ ካልተሳካም ዝም አይበሉ፤ «ምርጫዎን ማስቀመጥ አልተቻለም» ብለው ይጻፉ።

«ምርጫዎን አስቀምጠዋል» ከማለት ግን ይጠንቀቁ። «አስቀምጠዋል» ለእርስዎም፣ ለእርሳቸውም፣ ለእነርሱም አንድ ነው። «ምርጫዎ» የሚለው አድራሻውን ቢጠቁምም፣ ሌላ ሰው የእርስዎን ምርጫ እንዳኖረ አድርጎ የሚያነበው ይኖራል። «ምርጫዎትን» የሚለውም ይሰማል፤ ለጽሑፍ ግን «ምርጫዎን» አጭርና የተለመደ ስለሆነ እርሱን ይያዙ።