አረንጓዴው ከቅርፊቱ ባያልፍስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ያልተቆረጠ አልማዝ ነው ብሎ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ድንጋይ አሳየኝ። እኔ የማውቀው አልማዝ ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል። ይቺ ግን ደብዘዝ ያለች አረንጓዴ ናት። «አረንጓዴ ብርቅ ነው፤ ስትቆረጥ ዋጋዋ አይቀመስም» ይለኛል። ያጠራቀምኳትን ላውጣ?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ ብሩን ለጊዜው አትንኪው።

ደብዛዛ መሆኗ እንኳ አያስደነግጥም። ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ከተማ አንድ አልማዝ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ነጭ ወረቀት ላይ ያፈሰሱልኝን ጠጠር ሳይ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ቅባት የነካው የጠርሙስ ስባሪ ነው የሚመስለው። የሚበዛው ቢጫማ፣ ቡናማ፣ ግራጫ ነው። በሰሜን በኩል ባለ መስኮት ብርሃን በቀለም በቀለም እንለየው ነበር። ቀጥታ ፀሐይ ካረፈበት ዓይን ይሸወዳል።

አልማዝ ካርቦን ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ቀለም የለውም። ናይትሮጅን ሲገባበት ቢጫ ይሆናል። ቦሮን ሲገባበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው ሆፕ የሚባለው አልማዝ እንዲህ ያለ ነው። ሮዝና አብዛኛው ቡናማ ደግሞ መሬት ውስጥ በግፊት ውስጡ የተጣመመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተዘጋው የአውስትራሊያው አርጋይል ማዕድን በሮዝ ስሙ ይጠራ እንጂ አብዛኛው ምርቱ ቡናማ ነበር። ነጋዴዎቹ «ሻምፓኝ»፣ «ኮኛክ» እያሉ ሸጡት። የእኛ ሰው ቢሆን «ጠጅ» ይለው ነበር።

የአንቺ ጣጣ ግን አረንጓዴው ነው። አረንጓዴ በአብዛኛው የሚመጣው ከጨረር ነው። ድንጋዩ ዩራኒየም ካለበት አለት አጠገብ ዘመናት ሲቀመጥ ቀለሙ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጨረሩ ከላይ ብቻ ነው የሚነካው፤ ከፀጉር ውፍረት እንኳ ያነሰ ጥልቀት። ቆራጩ ሲወለውለው አረንጓዴው አብሮ ይሄዳል።

በዓይኔ አይቼዋለሁ። አለቃዬ አንድ አረንጓዴ ጥሬ አልማዝ በደስታ ገዝቶ መጣ። አንዱን ጎን ትንሽ ወልውለን ወደ ውስጥ አየን፤ ይህን «መስኮት መክፈት» እንለዋለን። ውስጡ ውሃ የበዛበት ሻይ ይመስላል። ሰውዬው የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። እስከ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ አለ፤ ጀርመን ድሬስደን ያለው 41 ካራት አልማዝ እንዲያ ነው። በጣም ብርቅ ስለሆነ ነው ስሙ የገነነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መስኮት ይከፈትልሽ። ሰውዬው እምቢ ካለ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ከፈቀደም የታወቀ ላቦራቶሪ ይመርምራት፤ ፋብሪካ ውስጥ በጨረር አረንጓዴ የሚደረግም አለና። የኪምበርሊ ሰርተፊኬቱንም ጠይቂው። ጥሬ አልማዝ ያለዚያ ወረቀት ድንበር አይሻገርም፤ በኮንትሮባንድ ገብታ ከሆነ መዘዙ ለአንቺም ይተርፋል።

ደግሞስ አልማዝ መሆኗን ማን አረጋገጠ? መስታወት ቧጨረች ብሎ እንዳያታልልሽ፤ ኳርትዝ የሚባለው ተራ ድንጋይም ይቧጭራል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ ጎኖቿን እያገላበጥሽ እይ። ሦስት ማዕዘን የሆነ ጎን ካላት፣ ላዩ ላይ ተገልብጠው የተቀረጹ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ፈልጊ። ካየሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ዋጋው እናወራለን።